ቲኬቱስ ይሁን፣ ሰልፉን እንዴት ይሸጡልናል?

ልጅ ያላችሁ ሰዎች ወዲህ ተሰብሰቡ፣ አንድ ላይ እንጩህ። የሌላችሁ እለፉት፣ ዛሬ አይመለከታችሁም።

ቤተሰብ ይዞ ትልልቆቹ የመዝናኛ ፓርኮች ደርሶ መመለስ ስንት እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ግምት አይደለም የምጠይቀው። የመጨረሻውን ድምር ነው። እኔ ሄጄ፣ ተመልሼ፣ ሻንጣ ፈትቼ፣ ልብስ አጥቤም ድምሩን በእርግጠኝነት አላውቀውም። ካርዴ ላይ ያልጠበቅኩት ሒሳብ ብቅ ማለቱን ገና አላቆመማ! የሄድንበትን ፓርክ ስም አልጠራም። ብጠራው ባልጠራው ለውጥ የለውም፣ አንዱ ከአንዱ ነው የሚኮርጁት።

መጀመሪያ ስለ ቲኬቱ ላውራ፤ እሱ እንኳን በግልጽ የሚታይ ነገር ነው። የፍሎሪዳውን ዲዝኒ ወርልድ እንውሰድ፣ የዋጋው ታሪክ አደባባይ የወጣ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ወዲያው «አያችሁ!» እንዳትሉ፣ ያኔ በዚያ ብር የሚገባው በሩን ብቻ ነው፣ ጨዋታዎቹ የየራሳቸው ኩፖን ነበራቸው። ስለዚህ ፍርደ ገምድል ላለመሆን 1982ን እንያዝ። በዚያ ዓመት ኩፖኑ ቀረና አንድ ቲኬት ሁሉንም አካተተ። ዋጋው 15 ዶላር። የያኔው የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 3 ከ35 ነበር። ዝቅተኛ ተከፋይ የሆነ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ሠርቶ አንድ ቀን ሙሉ ይጫወት ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? ለ2026 በጣም በሚጨናነቁት ቀናት የማጂክ ኪንግደም (ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ካሉት ፓርኮች አንዱ) የአንድ ቀን ቲኬት እስከ 209 ዶላር ይደርሳል፣ ያውም ግብር ሳይጨመርበት። ፌዴራሉ ያወጣው ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ 7 ከ25 ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል። ቁጭ ብላችሁ አካፍሉት። 29 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለአንድ ሰው! ለአንድ ቀን! ሆቴል የለበት፣ አውሮፕላን የለበት፣ ውስጥ የሚበላ የለበት።

«የዋጋ ንረት ነው፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል» የሚለኝ አለ። አውቃለሁ፣ እኔም ገበያ እወጣለሁ። ግን የ1982ቱ 15 ዶላር በንረቱ ልክ ቢያድግ ዛሬ 50 ዶላር አካባቢ ነው የሚሆነው። የቀረውን ምን በሉት?

ደግሞ ዋጋው አንድ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ በየቀኑ የተለያየ ሆኗል። ማክሰኞ ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ፣ ገና ሌላ። ሰው በሌለበት ቀን ሂዱ፣ ይረክስላችኋል ይሉናል። እሺ፣ መቼ ነው ሰው የሌለው? ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ነዋ! የትምህርት ቤቱን የመዝጊያ ቀን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ልጆቻችን የሚያርፉበትን ሳምንት እየመረጡ ነው ዋጋውን ጣሪያ የሚያስነኩት። ከዚያ «የቤተሰብ መዳረሻ» ይባልልኛል። ልጁን ከክፍል አስቀርቶ ለመዝናናት የሚሄድ ወላጅ ነው ቅናሽ የሚያገኘው። ጉድ እኮ ነው!

ዕድሜም አለ። ዲዝኒ ዘንድ ልጅ ሦስት ዓመት ከሞላው ይከፍላል። አስር ከሞላው ደግሞ አዋቂ ነው። ቤት ውስጥ ጫማውን ማሰር የሚጠላ፣ ጥርሱን ለማስቦረሽ ድርድር የሚያስፈልገው ልጅ እዚያ በር ላይ ሲደርስ የሙሉ ሰው ሒሳብ ይከፈልበታል። ከአስር በታች ላለውም ቢሆን ቅናሹ ጥቂት ዶላር ናት፣ ፈንዲሻ እንኳን አትገዛም።

ግን ይሄን ሁሉ እችለዋለሁ። እውነቴን ነው። ውድ ነገር ውድ ነው፣ ዋጋው በሩ ላይ ከተጻፈ ወይ እከፍላለሁ ወይ እመለሳለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ድሮ በቲኬቱ ውስጥ የነበረውን ነገር አንድ በአንድ እየመዘዙ አውጥተው መልሰው ለእኛው መሸጣቸው ነው።

ሰልፉን ተመልከቱ። በ1999 ዲዝኒ ፋስትፓስ የሚባል ነገር አመጣ። ከማሽን ወረቀት ትወስዳለህ፣ ሰዓትህ ሲደርስ ትመጣለህ፣ ቶሎ ትገባለህ። ነፃ ነበር። ሁሉም ሰው ያገኘው ነበር፤ የሚያስፈልገው በጠዋት መነሳትና ጉልበት ብቻ። በ2020 ፓርኮቹ ሲዘጉ እሱም አብሮ ተዘጋ፣ ሲከፈቱ ግን አልተመለሰም። በ2021 ጥቅምት ላይ በሌላ ስም መጣ። በሰው በቀን 15 ዶላር! ከዚያ ዋጋው እንደ ቲኬቱ በየቀኑ የሚቀያየር ሆነ። ከዚያ ስሙ እንደገና ተቀየረ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የሀብታሞቹ መጣ። ሰዓት መምረጥ የለ፣ ስልክ ላይ መፍጠጥ የለ፣ ዝም ብሎ መግባት። ዋጋው ሲጀመር በሰው በቀን እስከ 449 ዶላር። ይሄ ከመግቢያ ቲኬቱ ሌላ ነው። ደግሜ ልበለው፤ ከቲኬቱ ሌላ! ቲኬቱ ከሚገዛው መግባት ይልቅ ሰልፉን መዝለል በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው።

ዲዝኒ ብቻውን እንዳይመስላችሁ። ተፎካካሪው የፓርክ ኩባንያ ዩኒቨርሳልም ኤክስፕረስ እያለ የሚሸጠው የሰልፍ መዝለያ አለው፣ ፓሪስም ቶኪዮም ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች የሚከፈልበትን አምጥተዋል።

አሁን ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። አንድ ሮለር ኮስተር፣ ያ በሐዲድ ላይ የሚወረወረው የጨዋታ ባቡር፣ በሰዓት የሚጭነው ሰው የተወሰነ ነው። ማንም ገንዘብ ቢከፍል ወንበር አይጨመርበትም። ስለዚህ በከፋዩ መስመር የሚገባው እያንዳንዱ ሰው ካልከፈለው ሰው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከፋዩ በበዛ ቁጥር የእኛ ሰልፍ ይቆማል። ሰልፉ ሲቆም ብዙ ሰው ተማርሮ ይከፍላል። ሲከፍል ደግሞ የቀረነው ሰልፍ ይብስበታል። በሽታውንም መድኃኒቱንም አንድ ሰው ነው የሚሸጥልን። ሰልፉ አጭር ቢሆን ማን ይገዛቸው ነበር? አጭር እንዲሆን ምን ጥቅም አላቸው?

እዚያ ቆማችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰልፉ በብረት አጥር መካከል እንደ እባብ ይጠማዘዛል። እንቀሳቀሳለን፣ እንቆማለን፣ እንቆማለን። አጠገባችን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ባዶ መስመር አለ። በየደቂቃው ሰዎች እየሳቁ በሩጫ ያልፋሉ። እኩያው የሆነ ልጅ ሲያልፍ ልጄ አየው። ትንሽ ቆይቶ ያው ልጅ ተጫውቶ ጨርሶ እንደገና መጣና እንደገና አለፈ። «እሱ ለምን አይሰለፍም?» አለኝ ልጄ። ምን ልበለው? ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው «ተራህን ጠብቅ፣ መሽቀዳደም ነውር ነው» ያልኩት? እዚያ በአንድ ቀን የነገርኩት ሁሉ ገደል ገባ። «እነሱ ከፍለው ነው» አልኩት። «እኛስ አልከፈልንም?» አለኝ። ከፍለናል እኮ! ያለንን ሙልጭ አድርገን ነው የከፈልነው! ኋላችን የቆመ አንድ አባት ሰምቶ ሳቀ፣ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ደግሞ ቁመት አለ። ከዚያ ሁሉ መቆም በኋላ አንዲት ሠራተኛ ታናሹን ልጄን በመለኪያ እንጨት ለካችው፣ ጣት የማትሞላ ጎድላው ተመለሰ። የደኅንነት ጉዳይ ነው፣ አልከራከርም፣ ትክክል ናቸው። ግን ግማሹ ጨዋታ ላይ የማይወጣ ልጅ ግማሽ አይከፍልም። ቲኬት ስትገዙ ዕድሜ እንጂ ቁመት አይጠይቃችሁም።

በጠዋት መነሳቱን ሳልነግራችሁ። ዕረፍት ላይ ነኝ ብላችሁ ልትተኙ ነው? ቀልዳችሁን ነው። እኛም በኋላ ተማርረን የሰልፍ መዝለያውን ገዛን፤ የእሱን ሰዓት ለመምረጥ ግን በጠዋት አፑን ከፍታችሁ መጠበቅ አለባችሁ። እኔ አልጋ ላይ በአንድ እጄ ስልኬን፣ በሌላው የባለቤቴን ስልክ ይዤ ጣቴን አሾልኩት። አፑ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ «ይቅርታ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ሲከፍትልኝ የቀረው የማታ ሰዓት ነው። ለዚህ ገንዘብ ከፍያለሁ። ቢሮ ብውል ይሻለኝ ነበር፣ እዚያ ለመጨነቅ እነሱ ናቸው የሚከፍሉኝ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ እጄም ደከመ። ፓርኪንግ፦ ዲዝኒ ወርልድ በ2024 ለተራ መኪና በቀን 30 ዶላር ያስከፍል ነበር። ከኦርላንዶ አየር ማረፊያ የሆቴል እንግዶቹን በነፃ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነበረው፣ ከ2005 ጀምሮ። 2022 ሲገባ ቀረ። የልጅ ጋሪ ኪራይ። ሎከር፣ ማለትም የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን። የአንዳንድ ሆቴሎች «የአገልግሎት» ክፍያ። ጨዋታው አልቆ ስትወጡ ደግሞ መውጫው በሱቅ በኩል ነው። ሌላ በር የለም። አሻንጉሊቶቹ የተደረደሩት በእኔ ዓይን ከፍታ አይደለም፣ በልጄ ነው። ያንን መደርደሪያ የሠራው ሰው ልጅ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ ለራሴ። ሳይኖረው አይቀርም፣ እንዲህ አድርጎ የሚያውቅብን።

አሁን ኮሜንት ላይ የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ። «ታዲያ አትሂዱ! ማን አስገደዳችሁ? መናፈሻ ውሰዱት፣ ኳስ ግዙለት።» ወንድሜ፣ እህቴ፣ ኳስ አለው። መናፈሻም እንሄዳለን። ግን ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ ሄዶ መጥቷል፣ ቲሸርቱን ለብሶ ይመጣል፣ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የምግብ ማሸጊያው ሁሉ ያንን አይጥና ያቺን ልዕልት ነው የሚያሳየው። ልጁ ገና መናገር ሳይጀምር ጀምሮ ሲያስተዋውቁለት ኖረው እኔን «ለምን አማረህ» ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞ ልጅነት አይጠብቅም። አምስት ዓመት አጠራቅሜ ልውሰደው ብል የሚሄደው ሌላ ልጅ ነው፣ ጢም ሊያወጣ የደረሰ፣ ልዕልቷን ሲያይ የሚያፍር። ይሄንንም ያውቃሉ። ወላጅ ለራሱ ይከራከራል፣ ለልጁ ሲሆን ዓይኑን ጨፍኖ ካርዱን ያወጣል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በ2023 መጋቢት ላይ የያኔው የዲዝኒ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቦብ አይገር ራሱ ለባለሀብቶች ሲናገር፣ ትርፍ ለማሳደግ ከነበረን ጉጉት የተነሣ በአንዳንዱ ዋጋ ላይ ትንሽ ሳናበዛው አልቀረንም የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፣ እሰይ ገባቸው ብዬ። ቀደም ብለው በዚያው ዓመት ጥር ላይ የሆቴል እንግዶችን የአዳር ፓርኪንግ ነፃ አድርገውት ነበር፣ እሱም ከ2018 በፊት ነፃ የነበረውን ነው የመለሱት። የራሳችንን መልሰው አመስግኑን አሉን። ከዚያስ? በዚያው ዓመት ጥቅምት ጨመሩ። በቀጣዩም ጨመሩ። በቀጣዩም። ዩኒቨርሳል ደግሞ በ2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲሱን ፓርኩን ሲከፍት የአንድ ቀን ዝቅተኛው ቲኬት 139 ዶላር ሆኖ ጀመረ። ዝቅተኛው ነው እንግዲህ። ፉክክር ዋጋ ያወርዳል ብሎ ያስተማረኝ አስተማሪ የት እንዳለ እንጃ።

ቦታው ደግሞ ባዶ ቢሆን ምን ነበረበት፣ «ሰው ተወደደበት፣ ይቀንሳሉ» እንል ነበር። ሞልቷል! እግር ማሳረፊያ የለም! ስለዚህ ለምን ይቀንሳሉ? የሚከፍል እስካለ ድረስ ልክ ናቸው የሚል የኢኮኖሚ ሊቅ አይጠፋም፣ ይምጣ። ግን የሞላው በማን ገንዘብ ነው? ከአጠገቤ ያሉትን ስጠይቅ ግማሹ በክሬዲት ካርድ ነው የመጣው። ጨዋታው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ወለዱ ግን በሚቀጥለው ዓመትም አብሮን ነው።

እኔ ርካሽ አድርጉልኝ አላልኩም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቲኬቱን፣ ግብሩን፣ ፓርኪንጉን፣ የሰልፍ መዝለያውን፣ ሎከሩን፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ደምራችሁ ከመግዛቴ በፊት አሳዩኝ። ኮምፒውተራቸው ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ገምቶ በየቀኑ ዋጋ የሚቀይር ነው፣ ሁለት ቁጥር መደመር አያቅተውም። እንዲህ የሚያደርግ ፓርክ የምታውቁ ካላችሁ፣ የትም ይሁን የት፣ ከታች ጻፉልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኢሜይል መጥቶልኛል። ሮለር ኮስተሩ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን የተነሣነው ፎቶ ሊጠፋ ነው፣ ከመጥፋቱ በፊት ግዙ ይላል። ዋጋው ስትጫኑት ነው የሚታየው።