ጆሮ ያለው ቆጣሪ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ ለሻይ የጣድሁት ውሃ ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው የክፍሌ መብራት ድርግም አለ። የሰፈሩ መብራት አልጠፋም፤ የግቢውም አልጠፋም፤ የጠፋው የእኔ ብቻ ነው። ደሴ ተከራይቶ የኖረ አንባቢ ቀሪው ሳይነገረው ይገባዋል፤ አከራዬ ብሬከሩን አውርደውታል።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቶ ግን ባለማወቄ አፈርሁ፤ ለካ የአከራዬ ሥራ ስም አለው። የኤሌክትሪክ መረብ የሚያቅዱ ባለሙያዎች «የፍላጎት ምላሽ» የሚሉት አሠራር አላቸው። ሁሉም ቤት ምሽት ላይ በአንድ ጊዜ ሲለኩስ የሚመጣውን ጫና ለመሸከም ሌላ ማመንጫና ሌላ ትራንስፎርመር ከመጨመር ይልቅ፣ ተጠቃሚው ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ወደ ሌላ ሰዓት እንዲያሸጋግር አስቀድሞ መንገርና ስላሸጋገረም በዋጋ መካስ ነው። ለዚህም ፍጆታን በወር አንዴ ሳይሆን በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው መዝግቦ የሚልክ፣ መልእክትም የሚቀበል ስማርት ቆጣሪ ያስፈልጋል ይላሉ። ምስኪኖች! አከራዬ እኮ በየደቂቃው ነው የሚያነቡት።

ለሰባት ተከራይ ያለችው አንዲት ባለ ዲስክ ቆጣሪ በእሳቸው በራፍ ላይ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ በርጩማቸው አለ። ዲስኩ ሲፈጥን ካውያ ይሁን ስቶቭ በድምፁ ይለያሉ። መልእክት መላኪያቸው ሳል ነው፦ አንድ ጊዜ ከሳሉ ካውያ ተሰክቷል ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሳሉ ስቶቭ፣ ስም ከጠሩ ደግሞ ብሬከሩ ሊወርድ ነው። አንድ ምሽት ጓደኛዬ ስልኩን ሰክቶ ገና ሳይቀመጥ በሩ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ዛሬ እንግዳ አለህ መሰለኝ» አሉኝ። ጓደኛዬ ሲገባ አላዩትም፤ ቆጣሪው ነግሯቸው ነው። የአራተኛዋ ክፍል ተማሪ ፈተና እንደደረሰባት የሚያውቁት አምፖሏ እስከ ስድስት ሰዓት ሲበራ ነው፤ በዚያ ወር «የጥናት» ብለው ይጨምሩባታል። የሦስተኛው ክፍል ልጅ ሚስት ማግባቱን ከገዛ እናቱ ቀድመው አውቀዋል፤ ሁለተኛ ቻርጀር ተሰክቷልና። ኪራዩ የጨመረውም ሠርጉ ሳይደገስ ነው። ስማርት ቆጣሪ የቤት ገመና ያወጣል እያሉ የሚከራከሩ የሠለጠኑ አገሮች አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ወር ቢከራዩ ክርክሩ ያበቃ ነበር።

አከራዬ ዕቅድ አውጪዎችን የሚበልጡበት ሌላም ነገር አለ። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሚለምኑት ትልልቁን ተጠቃሚ ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ የጨርቃ ጨርቅና የብረት ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ከእንዲህ ያለው ተጠቃሚ አንዱ ማሽኑን ለሁለት ሰዓት ቢያቆይ የስንት መንደር ምሽት ይተርፋል። አከራዬ ግን ከትንሹ ይጀምራሉ። እኔ በጨለማ ስቀመጥ የእሳቸው ምጣድ ተጥዶ ነበር፤ የእንጀራው ሽታም እስከ ክፍሌ ይደርሳል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያለ እረፍት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ስልኬን አንዴ ለመሙላት 20 ዋት ሰዓት ይበቃኛል እንበል። የአንድ ቀን ጋገራቸው ስልኬን 350 ጊዜ ይሞላዋል፤ በቀን አንዴ ብሞላው ዓመት ሊደፍን ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ይቀረዋል። እኔ ግን ሌሊት ስልክ መሰካት ተከልክያለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ታሪፋችን በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ የሚከፍለው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው፤ ፍጆታው ባደገ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። ይህ የተደረገው ለድኻው ታስቦ ነው። ሰባት ድኻ በአንድ ቆጣሪ ሲታጎር ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ ሀብታም ነው። አንዲት አምፖልና አንድ ስልክ ያላት ተማሪ የምጣድ ባለቤት በሚከፍልበት ዋጋ ትከፍላለች፤ በዚያ ላይ ሂሳቡ ለሰባት እኩል ይካፈላል። ይህ ቁጠባም አይደለም፣ አስተዳደርም አይደለም፤ ከድኻ ኪስ መስረቅ ነው። ቆጣሪው እስከ ግቢው በር ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ስማርት ቢሉት ባይሉት ከበሩ ወዲህ ላለነው ምን ሊፈይድልን ነው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከቅዳሜ ወዲህ ፍላጎቴን አሸጋግሬያለሁ፤ ሻዬን ቀን ከመሥሪያ ቤት በፔርሙስ ሞልቼ እመጣለሁ፣ አምፖልም አላበራም። ትናንት ማታ በጨለማ ተቀምጬ ስጠጣ በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ደኅና ነህ? ቆጣሪው ዝም ቢለኝ ጊዜ ሰጋሁ» አሉኝ።

ደኅና መሆኔን አይተው ፈጣሪን ካመሰገኑ በኋላ የወሩን የመብራት ድርሻዬን ጠየቁኝ።