ኧረ በንጉሡ ሠ ነው!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬም ሄድኩ። አዎ፣ እዚያው ቢሮ። መታወቂያህ ደርሷል ተብዬ።

ልጅቷ በመስኮት ብቅ ብላ ተጣራች፦ «ሰረቀ! ሰረቀ የለም?» አዳራሹ ጸጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። እጄን አወጣሁ። ምን ላድርግ?

ስም፦ ሰረቀ። የአባት ስም፦ ብርሃን። አባቴ ወደ አያትነት ከፍ ብለዋል። አያቴ ጭራሽ የሉም። ስሜን ለሁለት ገምሳ አዲስ ቤተሰብ መሠረተችልኝ!

«እህቴ፣ ሠረቀብርሃን አንድ ስም ነው። ፊደሉም ንጉሡ ሠ ነው።»

«የምን ንጉሥ?»

«በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፈነጠቀ ነው። አንቺ የጻፍሽው እሳቱን ሰ ነው። እሱ ሌብነት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ሲነበብ ያው ነው። ካልተመቸህ የፍርድ ቤት ማስረጃ አምጣ።»

እሷ ለተሳሳተችው እኔ ፍርድ ቤት!

እኔ ላይ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለበዓል አንዱ «ድህነቱን ያብዛልን» ብሎ ለጠፈ። ድኅነት ለማለት ነው፣ መዳን። ከሥሩ አሜን በአሜን! ከዚያ ኑሮ ተወደደ ብላችሁ ታማርራላችሁ። ሠዓሊው ወዳጄም ማስታወቂያ ቤት ሄዶ ቢዝነስ ካርድ አሠራ። «ሰአሊ» ብለው ለማኝ አድርገው ሸኙት። ሥዕሉ ስለማይሸጥ ብዙም አልተሳሳቱም፣ ግን የከፈለበት እኮ ነው!

አሁን አንዱ መጥቶ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያድገው ይለኛል። ካዛንቺስም እንዲሁ ተወለደ ይለኛል። አውቃለሁ! ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። በእኛ አፍ ተድጦ ሰፈር ሆነ። የባቡር ጣቢያው «ላ ጋር»ም ለገሃር ሆነ። ሩዝ እሩዝ፣ ራስ እራስ ሆኗል፤ እሱንም ዝም ብያለሁ። ይደግ! ካዛንቺስ ግን መታወቂያ አይጠየቅም። ለገሃርን «የአባትህ ስም አይመሳከርም» የሚለው የለም።

ደክሞኛል። ነገ ደግሞ ባንክ አለብኝ። የድሮው መታወቂያ ጊዜው አልፏል፣ በዚሁ ነው የምቀርበው። ጥበቃው መሣሪያውን ይዞ ከጎኔ ቆሞ፣ እኔ መስኮቱ ጋ «ሰረቀ እባላለሁ፣ ብር ላወጣ ነው» ልበል?