አሕመድ ጀማል ዝም ሲል

አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት አሕመድ ጀማል ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 8፣ በእኛ ፋሲካ ዕለት ነው። ደብረ ማርቆስ ዶሮ ወጥ ላይ ነበረች፤ ወሬውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። 92 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜ ጠግቧል።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ "ፖይንሲያና" የሚለው ዜማ። እ.ኤ.አ. ጥር 1958 ቺካጎ፣ ፐርሺንግ ሆቴል ውስጥ፣ ታዳሚ ፊት የተቀዳው። ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ቬርኔል ፎርኒየር ከበሮውን ሲመታ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ማመን ይከብዳል። ኢዝራኤል ክሮዝቢ ቤዙን ይዞ እዚያው ይዞራል። ጀማል ሁለት ሦስት ኖታ ነካ ያደርግና ይተዋል። ዝም። ምቱ ግን አይቆምም። "የት ሄደ?" ስትሉ በሙሉ እጁ ይመጣል።

አንዳንድ ተቺዎች የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው ብለው አጣጣሉት። (ሰውዬው በኋላ እዚያው ቺካጎ የራሱን የሙዚቃ ቤት ሲከፍት መጠጥ አልሸጠም!) ታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ግን የራሱን ፒያኒስት "እንደ ጀማል ተጫወት" ይለው ነበር። "ፖይንሲያና" ያለበት አልበምም ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ100 ሳምንት በላይ ቆየ።

ጎጃም ውስጥ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። አንዱ ከጥግ "ተቀበል!" ሲል አዝማሪው መሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል። ግጥሙ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀበላል። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍለት የማይቸኩለው ነው። የዘንድሮ ኪቦርድ ተጫዋቾች ግን፣ አይቀየሙኝና፣ ለዘፋኙ መተንፈሻ እንኳ አይተዉለትም። ክፍት ቦታ ካዩ መሙላት ነው። ጀማልን ቢሰሙት እንዴት ደስ ባለኝ።

እ.ኤ.አ. የ1970ውን "ዘ አዌክኒንግ" አልበም የምወደው "አይ ላቭ ሚውዚክ" ለሚለው ዜማ ነው። ራፐሩ ናስ እ.ኤ.አ. በ1994 ከዚያ ቆርጦ ስለወሰደ ብዙ ወጣት ሳያውቀው ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው "ባላድስ" አልበም ላይ ደግሞ ሽማግሌው "ፖይንሲያና"ን ብቻውን ይጫወተዋል። ያምራል። እኔ ግን የፎርኒየር ከበሮ ይጎድለኛል፤ አሁንም የ1958ቱን እመርጣለሁ። ስትሰሙት ታዲያ በስልክ ስፒከር አይሁን፤ የክሮዝቢን ቤዝ ይበላዋል።