ወደ አገር ቤት የምንመላለስ መንገደኞች ማይላችንን የት እናስመዝግብ?

ከዋሽንግተን ደለስ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ከ14,000 ማይል በላይ ይበራል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገና ወይም ልጆችን ከአያቶቻቸው ጋር ለማገናኘት በየዓመቱ ይህን መንገድ ለሚመላለስ ቤተሰብ የትኬት ወጪ ከዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው። እንዲህም ሆኖ ማይሉን፣ ማለትም አየር መንገዶች በደንበኛ ፕሮግራማቸው ለበረረ ሰው የሚመዘግቡለትንና ሲጠራቀም ነጻ ትኬት የሚያስገኘውን ነጥብ፣ ጨርሶ የማያስመዘግብ፣ አስመዝግቦም ጊዜው እስኪያልፍና እስኪሰረዝ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ይህ በላባችን ከከፈልነው ገንዘብ የሚመለስልን ድርሻ በመሆኑ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

ነገሩን «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ለሁሉም የሚሆን መልስ አያገኝም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የምንበርበት አየር መንገድና ማይሉን የምናስመዘግብበት ፕሮግራም የግድ አንድ መሆን እንደሌለባቸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ከሆነ ወዲህ፣ በእርሱ አውሮፕላን የሚጓዝ ሰው የአየር መንገዱ የራሱ ፕሮግራም የሆነውን የሼባማይልስን ቁጥር መስጠት ይችላል፤ ከፈለገም የዩናይትድን ማይሌጅፕላስ፣ የኤር ካናዳን ኤሮፕላን፣ የተርኪሽን ማይልስ ኤንድ ስማይልስ ወይም የሉፍታንዛን ማይልስ ኤንድ ሞር ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለአንድ በረራ ማይል የሚመዘገበው በአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላም ወደ ሌላው ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት ከጉዞ በፊት ነው፤ የሚደረገውም መንገደኛው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚበር፣ ስንት ሻንጣ እንደሚይዝና ከነማን ጋር እንደሚሄድ አስቦ ነው።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር በትኬቱ ላይ አለ። ከበረራው ቁጥርና ከቀኑ አጠገብ አንዲት የላቲን ፊደል ትጻፋለች። ይህች ፊደል ትኬቱ በየትኛው የዋጋ ምድብ እንደተቆረጠ የምትናገር ስትሆን፣ ሁሉም ኢኮኖሚ በሚባልበት በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ፊደል ሊኖራቸው ይችላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፊደል ከርቀቱ ስንት በመቶ እንደሚመዘግብ የሚያሳይ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። ሙሉ የሚመዘገብለት ሰው ከደለስ ደርሶ መልስ ከ14,000 በላይ ማይል ሲያገኝ፣ ሩብ ብቻ የሚመዘገብለት 3,500 ያህል ያገኛል፤ አንዳንዱ ርካሽ ምድብ ደግሞ በአንዳንድ ፕሮግራም ምንም አያስገኝም። በአንዱ ፕሮግራም ዋጋ ያጣች ፊደል በሌላው ጥሩ ልትሆን ስለምትችል፣ ትኬት ቆራጩን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት «በየትኛው ምድብ ነው የምትቆርጥልኝ?» ብሎ መጠየቅና ሠንጠረዡን አይቶ መወሰን ይገባል። ሃምሳ ዶላር ጨምሮ የተሻለ ምድብ መያዝ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ የማያዋጣበትም አለ፤ ይህ የሚታወቀው ግን ሲሰላ ብቻ ነው።

ከማይሉ ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ብዙ ለሚበር አባል የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ስለ ደረጃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የእንግዳ ማረፊያ ክፍሉና ምግቡ ነው። ለእኛ መንገደኛ ግን ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በኢኮኖሚ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። የስታር አሊያንስ ጎልድ ደረጃ ያለው ሰው በዚህ ላይ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል፤ ሻንጣ በኪሎ በሚቆጠርባቸው መስመሮች ደግሞ 20 ኪሎ ይጨመርለታል። ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት ልጆች ጫማ፣ ለጎረቤት የተላከ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ፣ ሲመለስም በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህ 23 ኪሎ በገንዘብ ሲተመን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ትርፍ ኪሎ የከፈለ፣ ወይም ሚዛኑ አጠገብ ሻንጣውን ከፍቶ የእናቱን ሽሮ ለሸኚው የመለሰ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከጎልድ በታች ያለው የሲልቨር ደረጃ ግን በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች ዘንድ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ከሚሰጠው ቅድሚያ ያለፈ ጥቅም ስለሌለው፣ ለእርሱ ብሎ መንገድ ማጣመም ተገቢ ነው አልልም።

ጎልድ የሚገኘው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ፕሮግራሞቹ በጣም ይለያያሉ። ዩናይትድ ደረጃ የሚሰጠው በዋናነት መንገደኛው ባወጣው ገንዘብ መጠን ሲሆን፣ በተጨማሪም በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ በራሱ በዩናይትድ አውሮፕላን መብረርን ይጠይቃል። ስለዚህ በደለስ በኩል በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ብቻ የሚሄድ የቨርጂኒያ ወይም የሜሪላንድ ነዋሪ፣ የቱንም ያህል ማይል በዩናይትድ ቢያስመዘግብ ደረጃ አያገኝም። በአንጻሩ የዴንቨር ነዋሪ ለሥራው አገር ውስጥ በዩናይትድ የሚመላለስ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። በሥራ፣ በንግድ ወይም በቤተሰብ ጉዳይ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሌላ ቦታ ሳይሄድ ሼባማይልስን መያዝ አለበት። ደረጃው የሚሰላው በተበረረው ማይል በመሆኑ ረጅሙ መንገዳችን ራሱ ያግዘዋል፤ የሚያገኘውም ጎልድ በሉፍታንዛም፣ በተርኪሽም፣ በዩናይትድም አውሮፕላን ላይ የሚያገለግል ነው።

በሁለት ዓመት አንዴ የሚሄደው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ወገናችን፣ ጥያቄው ሌላ ነው። እርሱ ደረጃ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ሊፈራ የሚገባው የማይሉን ዕድሜ ነው። በኤምሬትስ ስካይዋርድስና በተርኪሽ ማይል የሚቆየው ሦስት ዓመት ነው፤ በሉፍታንዛ ደረጃ ለሌለው ሰው 36 ወር ነው፤ በኤሮፕላን ለ18 ወር ምንም እንቅስቃሴ ያልታየበት ሒሳብ ይሰረዛል፤ ሼባማይልስም የጊዜ ገደብ አለው። ዩናይትድ በ2019 እ.ኤ.አ. የጊዜ ገደቡን ጨርሶ አንስቷል። በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ የሚበር ሰው ነጻ ትኬት የሚያደርስ ማይል እስኪያጠራቅም ብዙ ዓመት ስለሚፈጅበት፣ የማይሰረዝ ማይል ለእርሱ ከሌላው ሁሉ ይሻለዋል፤ ያም ማይል በተራው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ ትኬት ለመቁረጥ ያገለግላል።

«የራሳችን አየር መንገድ እያለ ማይላችንን ለምን ለባዕድ እንሰጣለን?» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፤ አከብረዋለሁም። በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ በረራ የጀመረ፣ በብዙ ችግር ውስጥ ስማችንን ያስጠራ ድርጅት ነው። የትኬቱ ገንዘብ ያው ለእርሱ የሚገባ ቢሆንም፣ መንገደኛው ማይሉን በሌላ ፕሮግራም ሲያስመዘግብ አየር መንገዱ ለዚያ ፕሮግራም የሚከፍለው ነገር አለ። ይህን አልክድም። መፍትሔው ግን ደሞዝተኛው ቤተሰብ እንዲጎዳ መምከር ሳይሆን፣ ሼባማይልስ በሁለት ዓመት አንዴ ለሚመጣውም መንገደኛ የሚመች እንዲሆን መጠየቅ ነው። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ለዚህ አየር መንገድ የዓመታት ደንበኛ ነው፤ የማይሉ ዕድሜ እንዲራዘምለት ቢጠይቅ ከመጠን ያለፈ ጥያቄ አይደለም።

የአትላንታ ነዋሪዎችን በተለይ ላስታውስ። አትላንታ የዴልታ ዋና መናኸሪያ ስለሆነች ብዙዎች የዴልታ ስካይማይልስ አላቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ይበራል። ዴልታ ግን ስካይቲም የተባለው ሌላ ኅብረት አባል በመሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። በዴልታ የተጠራቀመ ማይል በኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት አይቆርጥም፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተበረረውም በዴልታ አይመዘገብም።

በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ነጥብም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። የቼዝ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ ኤሮፕላን፣ የሲቲ ወደ ተርኪሽ ይዛወራል፤ ሼባማይልስ ግን በእነዚህ ባንኮች ዝርዝር ውስጥ የለም። በካርድ የሚገዛውን የሳምንት አስቤዛ ወደ አገር ቤት ትኬት መለወጥ የሚፈልግ ሰው በእነዚህ በኩል መሄድ አለበት። ይህ የሚያዋጣው ግን ሒሳቡን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው፤ ወለድ የሚከፍል ሰው ነጥቡን በውድ ዋጋ ገዛው ማለት ነው።

የተጠራቀመ ማይልን ለዓመታት ማስቀመጥ ደግሞ አደጋ አለው። ዴልታ በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 እ.ኤ.አ. ለአንድ ትኬት ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ቋሚ ሠንጠረዥ ከድረ ገጻቸው አንስተዋል። ማይሉን የሚያወጣውም፣ ዋጋውን የሚተምነውም ራሱ ኩባንያው ነው። በወረርሽኙ ወቅት በ2020 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ይህንኑ ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል፤ ከዚህ ፕሮግራሙ ለኩባንያው ምን ያህል ሀብት እንደሆነ መረዳት ይቻላል። በማይል የሚገኝ መቀመጫም ውስን ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በገናና በጥምቀት ሰሞን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ቀኑን ማዛወር የሚችል ሰው በጥቅምት ወይም በየካቲት ቢሞክር ይሻለዋል።

ከልጆች ጋር የሚጓዝ ቤተሰብ ማይሉ በአምስት ስም ተበታትኖ ለማንም ሳይጠቅም እንዳይቀር ማሰብ ይኖርበታል። ኤሮፕላን እስከ ስምንት የሚደርሱ የቤተሰብ አባላት ነጥባቸውን በአንድ ላይ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ዩናይትድም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር የጀመረ ቢሆንም፣ በጋራ የተጠራቀመው ማይል የሚያገለግለው በራሱ በዩናይትድ በረራዎች ላይ ብቻ ስለሆነ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ጥቅሙ ያነሰ ነው። ከቶሮንቶ ለሚነሱ ቤተሰቦች ኤሮፕላን ከሁሉም እንደሚሻል የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስማችንም ራሱን የቻለ ችግር ነው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጻፋል፤ አጻጻፉም በፓስፖርቱና በግሪን ካርዱ ሊለያይ ይችላል። በፕሮግራሙ ሒሳብ ላይ ያለው ስም በትኬቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ካልገጠመ ማይሉ አይገባም። ሒሳብ ሲከፈት ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፍ፣ የመሳፈሪያ ካርዱንም ማይሉ ገብቶ እስኪታይ ድረስ አለመጣል የሚበጀው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ በዓረብ አገራት ስለሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን መናገር ያስፈልጋል። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት አዲስ አበባ ያለው ርቀት አጭር በመሆኑ ማይሉ የሚጠራቀመው ቀስ ብሎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትኬቱን የሚቆርጠው አሠሪው ወይም ኤጀንሲው ነው። ይሁን እንጂ በፕሮግራሞቹ ደንብ ማይሉ የሚገባው ለከፈለው ሳይሆን ለበረረው ሰው ነው። በጅምላ የተቆረጡ አንዳንድ ርካሽ ትኬቶች ማይል የማያስገኙ መሆናቸው እውነት ነው፤ የሚያስገኙት ላይ ግን ማይሉ የእነርሱ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አላየሁም። ሒሳብ መክፈት በነጻ ነው፤ ኤጀንሲዎችና ትኬት ቢሮዎች ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሒሳብ ከፍተው፣ ቁጥሩን በትኬቱ ላይ አስገብተው፣ የይለፍ ቃሉን ለራሱ ለመንገደኛው እንዲሰጡ የሠራተኞቹ ማኅበራትና ቆንስላዎቻችን ሊጠይቋቸው ይገባል።