‹አሮጌውን አምጣ፣ ጨምረህ ውሰድ›፦ ልዩነቱ የት ይገባል?

ጅማ ውስጥ ያገለገለ ኪቦርድ ወይም ጊታር ይዞ አዲስ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አሮጌውን ሱቅ ወስዶ ማስረከብ፣ ጭማሪ መክፈልና አዲሱን ይዞ መውጣት ነው። ሁለተኛው ራሱ ገዥ ፈልጎ ሸጦ፣ በእጁ ባለው ገንዘብ አዲሱን መግዛት ነው። አብዛኛው ሰው ቅያሬውን የሚመርጠው ስለሚቀለው ነው። ቅለቱ እውነት ነው፤ ስንት እንዳስከፈለው ግን ከሱቁ ከወጣም በኋላ የማያውቀው ይበዛል። ኪቦርድና ጊታር በራስ መሸጥ አለባቸው። ለቅያሬ የሚሆኑት ጥቂት ዕቃዎች ናቸው፤ በእነሱም ላይ ቢሆን የአዲሱና የአሮጌው ዋጋ ለየብቻው ካልተነገረ መስማማት አይገባም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አዲሱ ኪቦርድ 60,000 ብር ነው ተባለ እንበል። ያንተን በ20,000 ይዤልሃለሁ፣ 40,000 ጨምር ይላል ነጋዴው። ባለመሣሪያው 20,000 አገኘሁ ብሎ ይሄዳል። ያው ኪቦርድ ምንም ሳይዝ ለመጣና ጥሬ ብር ለቆጠረ ገዥ በ55,000 የሚለቀቅ ከሆነ ግን አሮጌው የተያዘው በ20,000 አይደለም፤ 55,000 ሲቀነስ 40,000፣ በ15,000 ብር ነው። አሮጌው ገበያ ላይ 26,000 የሚያወጣ መሣሪያ ከሆነ 11,000 ብር ጭማሪው ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ሱቅ ሲገቡ አሮጌውን ቤት ትተው ይግቡ። የአዲሱን የመጨረሻ ዋጋ ተከራክረው ይጨርሱ። ስለ አሮጌው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጋዴው ሌባ ነው ማለት አይደለም። ያገለገለ ዕቃ ሲረከብ ችግሩንም አብሮ ይረከባል፤ መፈተሽ፣ ማጽዳት፣ ገዥ እስኪመጣ ብሩን አስሮ ማስቀመጥ አለበት፣ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘም ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ ትርፍ ሊያስብ ይገባዋል። መጠኑ ስንት እንደሆነ ግን ሻጩም ሊያውቅ ይገባል።

ሌላው ወጥመድ ‹ስንት ገዛኸው?› የሚለው ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ኪቦርዱም፣ ጊታሩም፣ አምፕሊፋየሩም ከውጭ የሚገባ ነውና አዲሱ በዛሬው ምንዛሪ ይተመናል። አሮጌውን ግን ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በተገዛበት ብር መነሻነት ልተምን የሚል አለ። በ2014 ዓ.ም. 18,000 ብር የተገዛ ኪቦርድ ‹ተጠቅመህበታል፣ 10,000 ይበቃዋል› ሲባል ልክ ይመስላል። ያው ሞዴል ወይም ተተኪው ዛሬ አዲስ ስንት ነው ብሎ ከዚያ መነሳት ነው ትክክሉ። የተገዛበትን ዋጋ መናገር ግዴታ የለም።

ኪቦርድ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ከተማው ውስጥ በብዛት የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይፈልጉታል፣ ለሠርግ የሚጫወቱ ይፈልጉታል፣ ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች ይፈልጉታል። ለማንም ከማሳየትዎ በፊት 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በቀስታ ቀጥሎ ጠንከር አድርገው ይምቱ። በቀስታ ተነክቶ በኃይል የሚጮህ ወይም ጭራሽ ድምፅ የማይሰጥ ቁልፍ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዋናው ቦርድ አይደለም። በየቁልፉ ሥር ሁለት ጥቁር የካርቦን ነጥብ ያለው ላስቲክ አለ። መሣሪያው የምቱን ኃይል የሚያውቀው የመጀመሪያው ነጥብ ነክቶ ሁለተኛው እስኪነካ ያለውን ጊዜ ለክቶ ነው፤ አቧራ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ አንዱን ሲሸፍነው ልኬቱ ይዛባል። መፍትሔው ከሶኬት ነቅሎ፣ የሥሩን ብሎኖች ፈትቶ፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ረጠብ ባለ የጆሮ ጥጥ ላስቲኩ የሚነካቸውን የቦርዱን ነጥቦች መጥረግ ነው። ላስቲኩ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይነካ፤ ጠንክረው ካሹት ካርቦኑ ይነሳና ቁልፉ በእርግጥም ይሞታል። ቤንዚንና አሴቶን አጠገቡ አይድረሱ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሦስት ቁልፍ የማይጮህበት ኪቦርድ ሲቀርብለት ግን ‹ቦርዱ ሄዷል› ብሎ ዋጋውን በግማሽ የሚቆርጥ፣ በማግስቱ አጽድቶ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ አይጠፋም።

አስማሚውም (አዳፕተሩ) ዋጋ አለው። የያማሃ ፒኤስአር ኢ 373ን የመሰሉት 12 ቮልት፣ ኤስ 970ን የመሰሉት ደግሞ 16 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ሶኬቱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። የ12 ቮልቱን በ16 ቮልት ማስነሳት ውስጡን ሊያቃጥለው ይችላል፤ የ16 ቮልቱ በ12 ቮልት ላይነሳ ወይም በጨዋታ መሀል ሊጠፋ ይችላል። ገዥ እንዲህ ሲጠፋ ካየ መሣሪያው የታመመ ይመስለዋል። በሀገርኛ ምት የተጫኑ ስታይሎች (ኪቦርዱ በራሱ የሚያጅብባቸው ምቶች) ካሉ በፍላሽ ቅጂ ያስቀሩና መሣሪያውን ከነስታይሎቹ ያቅርቡ። ትዝታና ባቲ፣ ችክቸካና ሬጌ ተጭኖበት ወዲያው የሚጫወት ኪቦርድ ባዶውን ከሚቀርብ ቶሎ ይሸጣል። ሱቅ ግን ለስታይል ጨምሮ ሲከፍል አይታይም።

ጊታር ላይ ጅማ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ እርጥበቱ ደግሞ ክረምት ብቻ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ፊቱ ወደ ላይ ይነፋል፣ ክሩ ከአንገቱ ይርቃል። 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አግድም ከሚያቋርጡት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ይለኩ፤ የብረት ክር ባለው ጊታር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ናይለን ክር ባለው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ገዥው ጣቱን አሳርፎ አንድ ኮርድ ሲይዝ ያውቀዋል። የብረት ክር ያለው ጊታር አንገቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል የብረት ዘንግ አለ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ሳያዞሩ፣ ቃኝተው ጥቂት ቆይተው ደግመው ይለኩ። ዘንጉ አልዞር ካለ አያስገድዱት፤ ዘንጉ ከተበጠሰ የጥገናው ወጪ ከጊታሩ ሊበልጥ ይችላል።

በብዛት የሚታየው ጉዳት ግን የናይለን ክር ጊታር ላይ የብረት ክር መወጠር ነው። ስድስት የናይለን ክሮች ሲቃኙ የሚስቡት በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ነው፤ ቀጭን የሚባለው የብረት ክር 70 ኪሎ ያልፋል። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ይነሳል። አንድ ወረቀት ከብሪጁ ጀርባ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ ሙጫው ለቋል። ክሩን ወዲያው ማላላት ነው። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ እጁ የተፈታ አናጺ አታጣም፤ አሮጌውን ሙጫ ፍቆ፣ ኮላ ቀብቶ፣ በሞርሳ አስሮ ቢያንስ 24 ሰዓት ካቆየው ብሪጁ ይመለሳል። ‹ሱፐር ግሉ› ጠብ የተደረገበት ብሪጅ ግን ሲነሳ የፊቱን እንጨት ይዞ ይነሳል፣ ያኔ አናጺውም አያድነውም። አዲስ ክር፣ የጠራ ፍሬትና የተስተካከለ ብሪጅ ትንሽ ብር አስወጥቶ ብዙ ይመልሳል። የተሰነጠቀ አንገት ግን አያስጠግኑ፤ ጉዳቱን ተናግሮ ከነጉዳቱ መስጠት ይሻላል።

እንዲህ ያለው ነው እንግዲህ ለቅያሬ የሚሆነው። አንገቱ የተሰበረ ጊታር፣ ስክሪኑ የጠፋ ኪቦርድ፣ ድምፁ የተቀደደ ስፒከር ለግለሰብ ሲሸጥ ክርክሩ አያልቅም፤ ነጋዴው ግን መለዋወጫ አድርጎ ይፈታዋል። ሳክስፎንም እዚህ ውስጥ ይገባል። አንድ አልቶ ሳክስፎን ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑ ወደ 25 ፓድ (ለስላሳ ክዳን) አለው፤ አንዱ ካልገጠመ ከእሱ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ ይታፈናል፣ በእርጥብ አየር ደግሞ ፓድ ይሻግታል። ገዥው ጥቂት፣ ጠጋኙ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የሚሰጠው ዋጋ እዚህ ወራት ከመጠበቅ ሊሻል ይችላል። ከተላከ ግን በፖርቶ መጋላ አይጫን፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚንገጫገጭ ናስ ቁልፉ ተጣሞ ይደርሳል። ክራርና ማሲንቆ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ዋጋቸው በሠሪው እጅና በድምፃቸው ስለሆነ፣ ከሚጫወት ሰው በቀር ማንም በትክክል አይተምናቸውም።

በራስ ለመሸጥ ወቅት መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። የቡና ብር እጅ ላይ ባለበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ የጥር ሠርግም በሚቃረብበት ጊዜ ኪቦርድና ስፒከር ይፈለጋል። ተማሪ ተመርቆ በሚወጣበት ሰሞን ጊታር ይረክሳል፣ አዲስ ተማሪ ሲገባ ዋጋው ይመለሳል። ያን ጥቂት ወር መጠበቅ የሚችል ይጠብቅ።

ማስታወቂያውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፉ፤ በአንዱ ብቻ መጻፍ የዞኑን ገዥ ግማሽ ማጣት ነው። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ያለበት፣ ጭረቱም በቅርብ ይታይ። ሁሉም ቁልፍ ሲመታ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከአሥር የስልክ ጥያቄ ያድናል። ቴሌግራም ላይ የሚታየው ሌሎች የጠየቁት ዋጋ እንጂ የሸጡበት አይደለም፤ ሳምንታት የቆየው ልጥፍ በዚያ ዋጋ ገዥ አላገኘም ማለት ነው። ደላላ ካስገቡ ኮሚሽኑን ገዥ ከመምጣቱ በፊት ይነጋገሩ፣ ማን እንደሚከፍለውም ጭምር።

‹ሱቅ አስቀምጠው፣ ሲሸጥ ብርህን ትወስዳለህ› የሚል ሦስተኛ መንገድም አለ። መጥፎ አይደለም፤ ግን ሻጩ ለራሱ የሚቀበለው የተጣራ ብር፣ የሚቆይበት ቀንና በመሀል ለሠርግ እንደማይከራይ በጽሑፍ ይስፈር። ያልተጻፈ ከሆነ ኪቦርዱ ሦስት ቅዳሜ ወጥቶ ገብቶ፣ ቢራ ፈስሶበት ሊመለስ ይችላል።

ርክክቡ መብራት ባለበት፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። ገዥው የላከውን የክፍያ ስክሪንሾት ወይም ደረሰኝ የሚመስል መልእክት አይመኑ፤ የራስዎን የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳብ ከፍተው ብሩ መግባቱን ሳያዩ መሣሪያው ከእጅዎ አይውጣ። ‹ቀሪውን ወር ላይ› ለሚል መሣሪያውም ወር ላይ ይሰጠው። ቀብድ ከተቀበሉ መጠኑንና የመጨረሻውን ቀን ይጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ቢያመጣ በቀላሉ አልሸጥም ማለት አይቻልም፤ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት ዋጋውን ይቁረጡ።

ውሉ ላይ ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የታወቀው ጉድለት፣ ዋጋውና ቀኑ ይግባ፤ የሁለቱም መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። መሣሪያው የተገዛበት ደረሰኝ ካለ ለገዥ ይሰጠው፤ ከሌለ ሲጫወቱበት የተነሳ የቆየ ፎቶም ይረዳል። የመዘምራን መሣሪያ የሚገዛ ኮሚቴ ለአባላቱ መልስ ስለሚሰጥ፣ ወረቀት ላለው ዕቃ ጨምሮ ቢከፍል ይመርጣል።