ግመሉን አስቀርተው በረሃውን የሚሸጡልን

አንድ የበረሃ ጉዞ አዘጋጅ ድርጅት በሲና ለብዙ ቀናት በእግርና በግመል ያካሂደው የነበረውን ጉዞ አስቀርቶ በሁለት ቀን የመኪና ጉብኝት መተካቱን ሰሞኑን አስታውቋል። ምክንያቱ ገበያ ነው ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። እንድጽፍ ያስገደደኝ ከውሳኔው ጋር የሰጠው ማብራሪያ ነው። በማብራሪያው መሠረት ዘገምተኛ ጉዞ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ተጓዦቹም የሚፈልጉትን በውል አያውቁም፤ በአንድ በኩል ብቻቸውን መሆን ይሻሉ፣ በሌላ በኩል ከበረሃው ሰዎች ጋር መቀራረብ ይመኛሉ፤ ሁለቱ ደግሞ አብረው አይሄዱም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በረሃን ከመኪና መስኮት ባሻገር አይቶ የማያውቅ ሰው ክርክር ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ ወደ ግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ሲገባ መንገዱን ብቻውን አልጀመረውም። ታሪኩን የጻፈለት አትናቴዎስ እንደሚነግረን፣ አገሩን ከሚያውቁ ዘላኖች ጋር ተቀላቅሎ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አብሯቸው ተጉዞ ነው ከተራራው ሥር የደረሰው። ከዚያም በኋላ እነዚያው ዘላኖች ሆን ብለው በዚያ በኩል እያለፉ ኅብስት ያቀብሉት ነበር። ከዓለም ርቆ ጽሞናን የሻተውን ሰው ጽሞናው ድረስ ያደረሱትም፣ እዚያ እንዲቆይ ያገዙትም መንገደኞች ናቸው። ታዲያ አብረው አይሄዱም የሚለው ፍርድ ከየት መጣ?

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዝግታ ነው፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ጓዝ የተጫነ ግመል በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም የሰው እርምጃ ማለት ነው። በዚህ እርምጃ የሚጓዝ ቡድን ማለዳ ከሰፈሩ ተጠጋግቶ ይነሣና ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይላላል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመካከላቸውም ንግግር የማይሻገረው ርቀት ይፈጠራል። እያንዳንዱ ማንንም ሳያስቀይም፣ ፈቃድም ሳይጠይቅ ለሰዓታት ብቻውን ይሆናል፤ ከባልንጀሮቹ ዓይን ግን አይጠፋም። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ አንድ የግራር ጥላ ሁሉንም መልሶ ይሰበስባቸዋል። ማታ ደግሞ ሥራው የጋራ ነው፤ ጭነት ይወርዳል፣ ግመሎቹ ርቀው እንዳይሄዱ የፊት እግራቸው ታስሮ ለግጦሽ ይለቀቃሉ፣ ጭራሮ ይለቀማል፣ ሊጡ ይታሽና ከፍም ሥር ይቀበራል። መንገድ መሪው ስለ ልጆቹና ስለ ቀረው ዝናብ ማውራት የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው፤ የሚያወራውም አስጎብኝ እንዲሆን ስለተከፈለው ሳይሆን ቀኑን ሙሉ አብሮት ለተራመደ ሰው ዝም ማለት ስለሚከብደው ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ውሃ ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ተጓዡ ነፍሱን በእሱ እውቀት ላይ ጥሏል፤ ሁለቱም ይህንን ያውቃሉ። እንዲህ ያለ መተማመን ቀን ይፈልጋል፤ ጥምና ድካምም ይፈልጋል።

በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ብቻቸውን አይደሉም፤ የሞተሩ ጩኸት ስለሚያደነቁራቸው አብረውም አይደሉም። ሾፌሩ ዓይኑን ከፊቱ ማንሣት አይችልም፤ የውሃው ጉድጓድም ፎቶግራፍ የሚነሡበት ቦታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብቻ መሆንና መቀራረብ አይጣጣሙም ያለው ድርጅት ሁለቱንም የሚገድለውን መጓጓዣ መርጦ፣ ጥፋቱን በተጓዡ ላይ አላከከ።

እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1948 ባሉት ዓመታት ሩብ አል ኻሊ የተባለውን የዐረቢያ በረሃ በግመል ሁለት ጊዜ አቋርጧል። የአሸዋውን ጸጥታ የወደደው ይኸው ሰው ከምንም በላይ ያከበረው አብረውት የተራቡትንና የተጠሙትን የራሺድ ጎሣ ጓደኞቹን ነው። እሱም የሚፈልገውን አያውቅም ነበር ሊሉን ነው?

ጉልበቱ የደከመ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በመኪና ቢሄድ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ለእሱ ሲባል የሌላው ሰው መንገድ የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተነዱ መኪኖች የጎማ ዱካ ከናይል ምዕራብ ባለው በረሃ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል፤ የግመልን ኮቴ ነፋስ ያጠፋዋል። ሲና ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረውና በ2018 ወደ 550 ኪሎ ሜትር ያደገው የሲና የእግር መንገድ ቤዱዊን በሚባሉት የዐረብ ዘላኖች ስምንት ጎሣዎች መሬት ያልፋል፤ ተጓዡን በየግዛቱ የሚመሩትም የዚያው ጎሣ ሰዎች ናቸው። ይህ ሥርዓት የሚሠራው መንገደኛው በእያንዳንዱ መሬት ላይ አድሮ የሚያልፍ ሲሆን ነው። በመኪና እየበረረ ለሚያልፍ ጎብኚ ስምንት መንገድ መሪ አያስፈልግም፤ አንድ ሾፌር ይበቃል። ግመሉን ማስቀረት ማለት የግመሉን ባለቤት፣ ጫኙንና መንገድ መሪውን ማስቀረት ነው፤ ስለ እነሱ ግን በማብራሪያው ውስጥ አንድ ቃል አልተጻፈም።

ድርጅቱ የመኪና ጉብኝቱን ይሽጥ፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ጸጥታን፣ ጽሞናንና ከቤዱዊኖች ጋር መወዳጀትን ቃል የሚገባውን ማስታወቂያውን በዚህ ጉብኝት ላይ እንደለጠፈው ሊቀጥል አይገባም። ማስታወቂያውን ያነሣ ወይም ግመሎቹን ይመልስ።