የተሸነፍነው በፍጥነት ማነስ አልነበረም
ጀማሪ የተች ራግቢ (ኳስ የያዘውን ተጫዋች በመጣል ሳይሆን በእጅ በመንካት የሚያስቆሙበት የራግቢ ዓይነት) ቡድኖች በሊጉ ግርጌ የሚቀሩት ፈጣን ሯጭ ስለሌላቸው ነው የሚለውን፣ እዚህ የወጣውን ጽሑፍ ሐሳብ አልቀበለውም። እኔ ባለፈው የውድድር ዘመን በተጫወትኩበት ቡድን ውስጥ ጥሩ ሯጮች ነበሩን፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች በተከታታይ የተሸነፍነው፣ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ከነካን በኋላ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት 7 ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ሲገባን፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እያለከለክን ስለምንቆም ነበር። የተነካው ተጫዋች ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሲሻገረው ጓደኛው ከኋላ ያነሳዋል፤ በዚያች ቅጽበት ያልተመለሰ ተከላካይ ጨዋታውን ካደናቀፈ ቅጣት ይሰጥበታል፣ ተጋጣሚው ኳሱን ከማስረከቡ በፊት የሚፈቀድለት 6 ንክኪም እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት አንባቢ መፍትሔው ልምምድ ማብዛት ነው ብለዋል፤ እኛን ግን የለወጠን ቅያሪውን በአግባቡ መጠቀማችን ነው። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት 6 ቢሆኑም የቅያሪ ቁጥር ገደብ ስለሌለው፣ ማንም ሰው ትንፋሹ ሳያልቅ በራሱ ፈቃድ እንዲወጣ ተስማማን። ይህ ለኩሩ ተጫዋች ቀላል አይደለም፤ ከሁላችን ፈጣን የነበረው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ እጁን አንስቶ ሲወጣ በጣም ደስ አለኝ፤ ያንን ጨዋታም 5 ለ4 አሸነፍን።